ለሰፈር የጂምናስቲክ አዳራሽ መንገዱ ይበቃል ወይ?

ጥያቄው የመጣው ከአንድ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ሰፈር ኮሚቴ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው። «ከግቢያችን አጠገብ ለወጣቶች መዝናኛ ተብሎ የተተወ 2,000 ካሬ ሜትር ገደማ ባዶ ቦታ አለ። የልጆች ጂምናስቲክ ማሠልጠኛ አዳራሽ ልንሠራበት አስበናል። መግቢያው ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ባለ 7 ሜትር ኮብልስቶን መንገድ ላይ ነው። በአንድ ፈረቃ 60 ልጆች፣ በቀን ሦስት ፈረቃ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ከ10 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት እናሠለጥናለን። ጎረቤቶች ግን መንገዱ ይዘጋል፣ መኪና በራችን ላይ ይቆማል ብለው ተቃውመዋል። ስንት መኪና ማቆሚያ እንሥራ? መንገዱስ ይችላል? ውኃና መብራቱስ? ጎረቤቶቹንስ ምን እንበላቸው?»

መጀመሪያ፣ ሐሳባችሁን ወድጄዋለሁ። ልጆች በየኮንዶሚኒየሙ ግቢ፣ በቆሙ መኪናዎች መሀል፣ በባዶ ሲሚንቶ ላይ ሲገለበጡ ማየት ያስጨንቃል። ችሎታው ሞልቷል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው የልጆች ሰርከስ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ክልል ከተሞች የተዛመተው ያለ ምክንያት አይደለም። የጠፋው ፍራሽ የተነጠፈበት፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ቤት ነው። ስለዚህ ይህን መልስ የምጽፈው አዳራሹ እንዲሠራ ፈልጌ ነው።

አጭሩ መልሴ ይኸውላችሁ። መንገዱ ይችላል። ያሰባችሁት የፈረቃ ድልድል ግን ያጨናንቀዋል።

በትራንስፖርት ምሕንድስና ሥራዬ እንዲህ ያለ ነገር ሲቀርብልኝ የቀኑን ጠቅላላ ቁጥር ብዙም አላየውም። በቀን 180 ልጅ ለአንድ የከተማ መንገድ ከባድ አይደለም። የማየው አንዱ ፈረቃ ወጥቶ ሌላው የሚገባባትን ሩብ ሰዓት ነው። የጎረቤት ጠብ የሚነሳው በዚያች ሩብ ሰዓት ነው። ልጅ የሚገጨውም ያኔ ነው።

እስቲ በራሳችሁ ቁጥር እንሥራው። 11 ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ፈረቃ 60 ልጆች ይወጣሉ። በዚያው ሰዓት የሁለተኛው ፈረቃ 60 ልጆች ይገባሉ። በሩ ላይ 120 ልጅ አለ ማለት ነው፣ ወላጅና ሞግዚት ሳይቆጠር። ከአሥሩ ሦስቱ በመኪና ይመጣሉ ብለን እንያዝ። ይህ ለስሌት የያዝኩት ግምት ነው። የእናንተን ትክክለኛ ቁጥር በምዝገባ ጊዜ «ልጅዎ በምን ይመጣል?» ብላችሁ ጠይቁና ተኩበት። በግምቱ ከሄድን 18 መኪና ልጅ ሊያደርስ፣ 18 መኪና ደግሞ ልጅ ሊወስድ ይመጣል።

የሚያደርሰውና የሚወስደው እኩል ቦታ አይዙም። የሚያደርሰው ልጁን አውርዶ፣ ቦርሳውን አቀብሎ፣ በሩን እስኪያልፍ አይቶ ይሄዳል። 5 ደቂቃ ይበቃዋል። የሚወስደው ቀደም ብሎ ይመጣል፣ ይጠብቃል። ልጁ አንድ እግር ካልሲ ይጠፋበታል፣ ወጥቶ ሹራቡን ረስቶ ይመለሳል፣ ከጓደኛው ጋር ወሬ ይይዛል። 15 ደቂቃ ይቆማል። አሁን በሩብ ሰዓቱ የሚመጡትን መኪናዎች እያንዳንዱ በሚቆምበት ደቂቃ አባዙና ለ15 አካፍሉ። አድራሾቹ 18 ሲባዛ በ5፣ ሲካፈል ለ15፣ 6 ቦታ ይፈልጋሉ። ወሳጆቹ 18 ሲባዛ በ15፣ ሲካፈል ለ15፣ 18 ቦታ ይፈልጋሉ። ድምሩ 24። ለአሠልጣኞችና ለሠራተኞች 5 ጨምሩበት፣ 29 ይሆናል።

29 መኪና ምን ያህል መሬት ይበላል? አንድ መኪና ማቆሚያ 2.5 ሜትር በ5 ሜትር ነው። መተላለፊያውና መዞሪያው ሲታከል ለአንድ መኪና 25 ካሬ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ስለዚህ ከ700 ካሬ ሜትር በላይ። አዳራሹ ደግሞ የራሱ ልክ አለው። የወለል እንቅስቃሴ የሚሠራበት ምንጣፍ በውድድር ልኩ 12 ሜትር በ12 ሜትር ነው፣ ዙሪያውን ክፍት ቦታ ይፈልጋል። የዝላዩ መንደርደሪያ ብቻውን 25 ሜትር ይወስዳል፣ ከሱ ቀጥሎ መዝለያውና ማረፊያ ፍራሹ አለ። ስለዚህ አዳራሹ ከ24 በ36 ሜትር ካነሰ ይጠብባችኋል። መልበሻ ክፍል፣ መጸዳጃ፣ ዕቃ ቤትና የወላጅ መጠበቂያ ሲጨመር ወደ 1,100 ካሬ ሜትር ትደርሳላችሁ። የሚቀራችሁ 900 ነው። ከዚያ ላይ 700ውን ለመኪና ከሰጣችሁ ለዛፍ፣ ለውኃ ሮቶ፣ ልጆች ተሰብስበው ለሚቆሙበት ጥላ ቦታ የለም። ለልጆች ተብሎ የተያዘ መሬት የመኪና ግቢ ይሆናል። እኔ ይህን አልደግፍም።

አሁን አንድም ድንጋይ ሳትጨምሩ ሰዓቱን ብቻ እንቀይረው። 60ዎቹን ልጆች በ15 በ15 አራት ቡድን እንደምታደርጓቸው እገምታለሁ፤ በአንድ አሠልጣኝ ከዚያ በላይ ለደኅንነትም አይመከርም። ትምህርቱን 45 ደቂቃ አድርጉት። ሁለቱ ቡድኖች 10 ሰዓት ላይ ይጀምሩና 10፡45 ላይ ይውጡ። ተተኪዎቻቸው 11 ሰዓት ላይ ይግቡ። ሌሎቹ ሁለት ቡድኖች 10፡30 ላይ ጀምረው 11፡15 ላይ ይውጡ፣ ተተኪዎቻቸው 11፡30 ላይ ይግቡ። ልብ በሉ፣ በየሩብ ሰዓቱ አንድ ማዕበል ብቻ ነው የሚመጣው፤ ወይ ወሳጅ ወይ አድራሽ። ትልቁ ማዕበል 9 ወሳጅ መኪና ነው። ከሠራተኞቹ ጋር 14 ቦታ ይበቃችኋል። ከ29 ወደ 14 ወረደ፣ በወረቀት ላይ በተሠራ የሰዓት ለውጥ ብቻ። 375 ካሬ ሜትር ያህል መሬትም ለልጆቹ ተረፈ።

ጠንከር ያለ ሥልጠና የሚፈልጉ ትልልቅ ልጆች 45 ደቂቃ ያንሳቸዋል። እነሱ ሁለት ክፍለ ጊዜ አከታትለው ይሥሩ። ይህ ለመንገዱም ጥሩ ነው፣ በአንድ ምልልስ ሁለት ትምህርት ይወሰዳልና።

በዚህ ስሌት ውስጥ አንድ ወጥመድ አለ። ዕድሜያቸው ከ6 ዓመት በታች የሆኑትን ሕፃናት ወላጅ ጥሎ አይሄድም። ቁጭ ብሎ ያያል። መኪናው ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ቆሞ ይቆያል፣ የሚቀጥለው ቡድን ወላጆች ሲመጡም እዚያው ነው። የትንንሾቹን ትምህርት ከትምህርት ቤት መልስ ካለው ግፊት አውጡት። ቅዳሜ ጠዋት አድርጉላቸው።

ወደ መንገዱ እንምጣ። 7 ሜትር ስፋት በራሱ አያሰጋኝም። የሚያሰጋኝ በግራና በቀኝ የሚቆመው መኪና ነው። አንድ የቆመ መኪና 2 ሜትር ያህል ይይዛል። በሁለቱም ጎን ከቆመ የሚቀረው 3 ሜትር ነው። ሁለት መኪና ፊት ለፊት ሲገናኝ አንዱ ወደ ኋላ መሄድ አለበት። ከኋላው ደግሞ ሌላ ይመጣል፣ ባጃጁ በመሀል ይሰነቅራል፣ ከዚያ ጥሩምባ ብቻ ነው። በአንድ ጎን ብቻ ከቆመ ግን 5 ሜትር ይቀራል። ቀስ ብለው ይተላለፋሉ። ስለዚህ በአዳራሹ ወገን ባለው ጠርዝ ላይ መኪና እንዳይቆም ማድረግ ከማንኛውም ግንባታ በላይ ይጠቅማችኋል። ምልክት መትከል ብቻውን አይሠራም። የጠርዝ ድንጋዩ ላይ አጠር ያሉ የብረት ወይም የኮንክሪት ምሰሶዎች ይተከሉ። ይህ ከትራፊክ ማኔጅመንት ባለሥልጣን ጋር ተነጋግራችሁ የምታደርጉት ነው፣ በራሳችሁ መንገድ ላይ አትቆፍሩ።

ኮብሉ መንገድ በሁለቱም ጫፍ ወደ ሌላ መንገድ የሚወጣ ከሆነ ወላጆች በአንዱ ገብተው በሌላው ይውጡ። ከዋናው አስፋልት ወደ ግራ ለመታጠፍ የሚቆም አንድ መኪና ከኋላው ያለውን ታክሲና አውቶቡስ ሁሉ ያስቆማል። ወደ ቀኝ ታጥፎ የሚገባበትን መስመር ምረጡና በምዝገባው ቀን ለእያንዳንዱ ወላጅ ካርታውን ስጡት። በቴሌግራም ግሩፓችሁም ለጥፉት።

በሩን የት እንደምታደርጉት በጣም አስቡበት። ብዙ ግቢዎች በሩን አጥሩ መስመር ላይ ይተክሉታል። መኪናው ዘበኛው እስኪከፍት፣ መዝገብ እስኪሞላ፣ ኮፈን እስኪፈተሽ ድረስ መንገድ ላይ ይቆማል። ሁለት መኪና ከተከታተለ መንገዱ ተዘጋ። በሩን ከአጥሩ መስመር 12 ሜትር ወደ ውስጥ ግፉት። ሁለት መኪና ከመንገድ ወጥቶ መቆም ይችላል። ቦታ ባከነ ትሉ ይሆናል። አልባከነም፣ ያ ቦታ ምሽት ላይ ለአምቡላንስም ያገለግላችኋል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ መኪና ነው፣ ጥያቄያችሁ ስለ መኪና ስለሆነ። ነገር ግን በግምታችን መሠረት ከአሥሩ ልጅ ሰባቱ በመኪና አይመጣም። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላዩ በእግር ነው። በከተማዋ መንገዶች ላይ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት ውስጥ አብዛኞቹም እግረኞች ናቸው። ጎረቤቶቻችሁ የፈሩት መኪናውን ነው። እኔ የምፈራው በታክሲ መጥታ ዋናውን አስፋልት ብቻዋን ለምትሻገረው የ10 ዓመት ልጅ ነው።

ፌርማታው የት እንደሆነ ሂዱና እዩ። በእናንተ ወገን ነው ወይስ በማዶ? ልጆቹ ከታክሲ ወርደው እስከ በራችሁ ድረስ የሚሄዱበትን መንገድ ራሳችሁ በእግራችሁ ሂዱበት፣ ቢቻል አንድ ልጅ በእጃችሁ ይዛችሁ። የእግረኛ መንገዱ በሱቅ ዕቃ ተይዞ ልጁን ወደ አስፋልቱ የሚያስወጣው የት ጋ ነው? ክዳን የሌለው ማንሆል አለ? የግንባታ አሸዋ የተከመረበትስ? ያያችሁትን በስልክ ፎቶ አንሱት። ለወረዳውና ለመንገዶች ባለሥልጣን የምታስገቡት ማመልከቻ ከመቶ መስመር ጽሑፍ ይልቅ በእነዚህ ፎቶዎች ይጠነክራል።

መሻገሪያው ላይ ዜብራ ቀለም ብቻ አይበቃም። ምክንያቱን በቁጥር ላሳይ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና፣ ሹፌሩ በ1 ሰከንድ ውስጥ ቢነቃና አስፋልቱ ደረቅ ቢሆን፣ ለመቆም 13 ሜትር ያህል ይበቃዋል። በ50 የሚሄደው 28 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ዝናብ ሲሆን ከዚህ ይረዝማል። ከቆመ ታክሲ ፊት ለፊት ድንገት ብቅ ለሚል ልጅ በዚህ ልዩነት ውስጥ ሕይወት አለ። ስለዚህ የምትጠይቁት ከፍ ብሎ የተሠራ መሻገሪያ ነው፤ ማለትም እግረኛው የሚረግጠው ወለል ራሱ ፍጥነት መቀነሻ የሆነበት። ሹፌሩ ቢፈልግም ባይፈልግም ይቀንሳል።

ጨለማውንም አስቡ። አዲስ አበባ ላይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጨልማል። የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ የሚያልቀው ጨለማ ላይ ነው። በእግራቸውና በታክሲ የሚመጡትን ልጆች በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ መድቡ፣ የመጨረሻውን ወላጅ ለሚወስዳቸውና ለትልልቆቹ ተዉት። ከበሩ እስከ ፌርማታው ያለው መብራት መሥራቱንም ቀን ሳይሆን ማታ ሄዳችሁ አረጋግጡ።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ልጨምር። ፍተሻ። በየሕዝብ መገልገያው በር ላይ ፈታሽ አለ፣ እናንተም ትቀጥራላችሁ። አንድ ፈታሽ አንድን ሰው በ10 ሰከንድ ቢያሳልፍ በደቂቃ 6 ሰው ነው። 60 ልጅና 20 አድራሽ በአንዴ ከመጣ ሰልፉ 13 ደቂቃ ይፈጃል፣ ጅራቱም ኮብሉ ላይ ነው። ልጆች ሰልፍ ላይ ዝም ብለው አይቆሙም። ይገፋፋሉ፣ መንገድ ላይ ይወጣሉ። ፍተሻውን ከአጥሩ ውስጥ ግቡና አድርጉት፣ ላዩን ዝናብ የማያስገባ ታዛ ሥሩለት። የእግረኛው በርም ከመኪናው በር የተለየ ይሁን።

ሰርቪስ ያላቸው ትምህርት ቤቶች በአቅራቢያችሁ ካሉ አነጋግሯቸው። አንድ ሚኒባስ 12 ልጅ ይዞ ከመጣ እስከ 12 መኪና ሊተካ ይችላል። የብስክሌት ማሠሪያም አትርሱ፣ ሁለት ሦስት ብረት ነው።

የውድድርና የትርዒት ቀን ሲመጣ 300 ሰው ሊመጣ ይችላል። ለዚያ ቀን ብላችሁ ፓርኪንግ እንዳትሠሩ። በዓመት ለጥቂት ቀን የአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ለምኑ፣ ከዚያ በኪራይ ሚኒባስ አመላልሱ።

አሁን ስለ መሠረተ ልማቱ። እዚህ ላይ ከሁሉ በፊት የሚያስጨንቀኝ የጣሪያው ውኃ ነው፣ ማንም አያነሳውም እንጂ። 1,100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ በአንድ ሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 44,000 ሊትር ውኃ ነው። የነሐሴ ከሰዓት ዝናብን የሚያውቅ ሰው ይህ እንደማይጋነን ያውቃል። ዛሬ ያ ቦታ አፈር ስለሆነ ብዙውን ይመጠዋል። ነገ ቆርቆሮ ሲሆን በሙሉ ወደ ኮብሉ ዲች ይሄዳል። ዲቹ ደግሞ በሃይላንድና በፌስታል ተደፍኗል። ከዚያ ምድር ቤት የሚኖሩት ጎረቤቶቻችሁ ሳሎን ይገባል። መኪናውን በተቃወሙበት አፍ ይህን ቢያነሱ እውነት አላቸው። ስለዚህ የውኃ መውረጃችሁ ዲዛይን ከአዳራሹ ዲዛይን ጋር እኩል ይጀመር። ግማሹን ያህል መሬት በኮንክሪት አትድፈኑት፣ መኪና ማቆሚያውን በመሀሉ ሣር በሚበቅልበት ብሎኬት አንጥፉት። ከጣሪያው የሚወርደውን ውኃ በተቻለ መጠን በሮቶ ያዙ። ከተማችን በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፣ ለመጸዳጃና ለጽዳት ብቻ እንኳ ብዙ ወር ያግዛችኋል።

አፈሩን አስመርምሩ። በቦሌና በአቃቂ ወገን ብዙ ቦታ ዋልካ ነው። ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። መኖሪያ ቤት ላይ ግድግዳ ይሰነጥቃል፤ ጂምናስቲክ አዳራሽ ላይ ደግሞ ወለሉ ይወላገዳል። 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ሚዛን መጠበቂያ እንጨት ላይ የምትሄድ ልጅ የተዘነበለ ወለል አይገባትም። ስፖንጅ የሚሞላበት ማረፊያ ጉድጓድም ልትሠሩ ካሰባችሁ ወደ ታች 2 ሜትር ከመቆፈር ይልቅ የመንደርደሪያውን ወለል ከፍ አድርጋችሁ ከመሬት በላይ ሥሩት። በዋልካ ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ ውኃ ይሰበስባል፣ ስፖንጁ ይረጥባል፣ ይሸታል፣ ይሻግታል።

ስፖንጁ ሌላም ጣጣ አለው። ሲቃጠል ጭሱ መርዛም ነው፣ በፍጥነትም ይዛመታል። ስለዚህ አዳራሹ ወደ ውጭ የሚከፈቱ ቢያንስ ሁለት በሮች በተለያየ ጎን ይኑሩት። የእሳት አደጋ መኪና እስከ አዳራሹ ጥግ የሚደርስበት 4 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን፣ ለአንድ ደቂቃም መኪና አይቁምበት። አምቡላንሱም በዚያው ይገባል። የእሳት አደጋው 939 እና የቀይ መስቀል አምቡላንሱ 907 ስልክ ቁጥሮች በትልቁ ግድግዳ ላይ ይጻፉ። በዚህ ስፖርት ክንድ ይሰበራል፣ አንገት ይጎዳል። በወሳጆች ሩብ ሰዓት አምቡላንስ ቢጠራ መግባት ይችላል ወይ ብላችሁ ከመክፈታችሁ በፊት በትልቅ መኪና ሞክሩት።

መብራቱ ብዙ አያስቸግራችሁም። ኤልኢዲ ከተጠቀማችሁ ጭነቱ ትንሽ ነው። ሥራችሁ በአብዛኛው ከሰዓት ስለሆነ ከፍ ካሉ የሰሜንና የደቡብ መስኮቶች የሚገባው ብርሃን ብዙ ያግዛል። በምዕራብ በኩል መስኮት አታድርጉ፣ የ11 ሰዓት ፀሐይ ዓይን ውስጥ ትገባለች። ጄነሬተር ግን ብቻውን አይበቃም። መብራት ሲጠፋ ጄነሬተሩ እስኪነሳ ጥቂት ሰከንዶች ያልፋሉ። በዚያች ቅጽበት አግዳሚ ዘንግ ለቃ አየር ላይ ያለች ልጅ አለች። ማረፊያዋን ማየት አለባት። መብራት በሄደባት ቅጽበት በራሳቸው የሚበሩ ባለ ባትሪ መብራቶች ከየመሥሪያው በላይ ይሰቀሉ። ከጠቅላላ ወጪያችሁ አንፃር ኢምንት ነው፣ እኔ ግን ያለሱ አንድም ልጅ ዘንግ ላይ አላስወጣም።

ውኃው በፈረቃ ከሆነ በቀን 180 ልጅ ለመጸዳጃና ለእጅ መታጠቢያ በነፍስ ወከፍ 15 ሊትር ብትይዙ 2,700 ሊትር ነው። የአራት ቀን ስንቅ፣ 10,000 ሊትር ገደማ ሮቶ ያዙ። ፍሳሹ ከከተማው መስመር ጋር መገናኘት ካልቻለ ሴፕቲክ ታንኩን የፍሳሽ ቦቴ በሚደርስበት ቦታ አድርጉት፣ ከአዳራሹ ጀርባ ከቀበራችሁት መኪናው አይደርስም። የአካል ጉዳተኞች መግቢያም አለ። የሕዝብ ሕንፃ ይህ እንዲኖረው የሕንፃ አዋጁ ያዛል። በየ12 ሜትሩ 1 ሜትር ብቻ የሚወጣ ራምፕ ከመጀመሪያው ዲዛይን ላይ ይግባ።

ገንዘብ ማሰባሰብ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ክፍለ ከተማ ሂዱና ቦታውን ፕላን ላይ መንገድ ይነካው እንደሆነ አጣሩ። በ2016 ዓ.ም. የጀመረው የኮሪደር ልማት ስንት አጥር እንዳስገባ ታውቃላችሁ። ኮብሉ ወደፊት ወደ 15 ሜትር እንዲሰፋ ተይዞ ከሆነ የግቢያችሁ ፊት ይቆረጣል፣ ከበሩ ፊት ለመኪና የተዋችሁት 12 ሜትርም ያጥራል። ከዛሬ ጀምሮ ያንን መስመር ትታችሁ ንደፉ።

ቆጠራውን ራሳችሁ ሥሩት። አማካሪ አያስፈልገውም። አንድ ማክሰኞ፣ አንድ ሐሙስና አንድ ቅዳሜ ሁለት ወጣቶች ኮብሉ አፍ ላይ ይቁሙ። በሥራ ቀን ከ9፡30 እስከ 1፡30፣ ቅዳሜ ደግሞ ጠዋት። በየ15 ደቂቃው መኪና፣ ታክሲ፣ ባጃጅ፣ ሞተርና እግረኛ ለየብቻ ይቁጠሩ። እግረኛውን ልጅና አዋቂ ብለው ይለዩ። በየሰዓቱ ስንት መኪና በመንገዱ ግራና ቀኝ እንደቆመ ይጻፉ። ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሐምሌና ነሐሴ አትቁጠሩ። የበዓል ሳምንትንና በአቅራቢያ ማደያ ላይ የነዳጅ ሰልፍ ያለበትን ቀንም ተዉት። ያ ቁጥር ያሳስታችኋል።

ጎረቤቶቹን በተመለከተ። ስብሰባውን አዳራሹን ለማስመረቅ እንደሚጠራ ስብሰባ አታድርጉት። ቆጠራውን ይዛችሁ ሂዱ። የመቁጠሩን ሥራ ከተቃወሙት ውስጥ ለአንዱ ልጅ ብትሰጡ ደግሞ የበለጠ ይታመናል። «በአሁኑ ሰዓት በሩብ ሰዓት ይህን ያህል መኪና ያልፋል፣ እኛ የምንጨምረው ይህን ያህል ነው» በሏቸው። ከዚያ የምትገቡትን ቃል በጽሑፍ አድርጉት፤ የመጨረሻው ልጅ ስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ ሙዚቃ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ በሰው በር ላይ ለሚቆም መኪና የሚደወልበት ስልክ የማን እንደሆነ። በወሳጆች ሰዓት አንድ ሰው አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሶ መንገዱ ላይ ይቁም፣ ደመወዙም ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ ይግባ። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በ30 ልጆች ብቻ ጀምሩ። በሦስተኛው ወር መጨረሻ እንደገና ቁጠሩና ከጎረቤቶቹ ጋር ተቀመጡ። ቁጥሩ ካልባሰ ወደ 60 እንሄዳለን፣ ከባሰ ሰዓቱን እንደገና እንደለድላለን ብላችሁ ከወዲሁ ተስማሙ።

የቆጠራውን ወረቀት፣ የቦታውን ንድፍና ከክፍለ ከተማ ያገኛችሁትን የፕላን ካርታ ስትይዙ መልሳችሁ ጻፉልኝ። የበሩን ቦታ አብረን እንወስናለን።